መጋቢት መጨረሻ ላይ ኪጋሊ ልሄድ ነው፤ ስለ ክዊቡካ፣ ስለ ሩዋንዳው የጭፍጨፋ መታሰቢያ፣ የምታውቁ ንገሩኝ

መንገደኛው
ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ኪጋሊ ሊልከኝ ነው። የምደርሰው መጋቢት 27 ነው። አዘጋጆቹ በላኩልን ወረቀት ላይ «ኤፕሪል 7 ዝግ ነው፣ ሳምንቱ የመታሰቢያ ሳምንት ስለሆነ የእራት ግብዣም ሙዚቃም አይኖርም» ይላል። ስለ 1986ቱ የቱትሲዎች የዘር ጭፍጨፋ በጥቅሉ አውቃለሁ። በዚያ ሳምንት እዚያ መገኘት ግን እንዴት ነው? ልውጣ ወይስ ሆቴሌ ልቀመጥ? ሰው ሳገኝ ምን እላለሁ? ባልደረባዬ ደግሞ «ሁቱ ነህ ቱትሲ ብለህ እንዳትጠይቅ» ብሎ አስፈራርቶኛል። እስኪ የኖራችሁበት አስረዱኝ።

ሰብለ_ኪጋሊ
ባልደረባህ ልክ ነው፣ አትጠይቅ። ማንም አይነግርህም፣ ጥያቄው ራሱ ነውር ነው። መታወቂያቸው ላይም የለም። ቤልጂጎች በ1930ዎቹ ያስገቡት የጎሳ መታወቂያ ነው በኬላ ላይ ሰው ሲያስገድል የነበረው። ከጭፍጨፋው በኋላ ተሰረዘ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እዚህ ብዙ ስለቆየሁ የእኛው ይምታታብኛል።)

ኪጋሊ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሳምንቱ ኤፕሪል 7 ጀምሮ 13 ያልቃል። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ነገር ይዘጋል። ጠዋት ፕሬዚዳንቱ ጊሶዚ መታሰቢያ ላይ አበባ ያስቀምጣሉ፣ ችቦ ይለኩሳሉ። ጊሶዚ ከ250,000 በላይ ሰዎች የተቀበሩበት ቦታ ነው። ከዚያ በየመንደሩ፣ ኡሙዱጉዱ ይሉታል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ባንዲራ ዝቅ ይላል። ባር ውስጥ ሙዚቃ የለም፣ ኳስ የለም፣ ሠርግ የሚደግስ የለም። ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ምስክርነት ነው። ከ8 ጀምሮ ሰው ሥራ ይገባል፣ አንተም ሥልጠናህን ትሠራለህ፣ ጭፈራ ግን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አትጠብቅ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ጊሶዚ አይደለም፣ የመንደሩ ስብሰባ ነው። እኛ ሰፈር ድንኳን ተጥሎ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፣ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። ልዩነቱ የሚለቀሰው ሰው ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አንድ ጎረቤት ይነሳና ይናገራል። ማን እንደገደለበት፣ የት እንደተደበቀ፣ ማን በር እንደዘጋበት፣ ማን እንደከፈተለት። አንዳንዴ በር የዘጋው ሰው ልጅ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ ዓመት ላይ ቋንቋውን ስለማላውቅ አልገባኝም ነበር፣ እያደር ሲገባኝ ወንበሬ ላይ መቀመጥ ከበደኝ። በመሀል ድንገት ሰው ይጮሃል፣ ይወድቃል። «እየመጡ ነው፣ ደብቁኝ» የሚሉ አሉ። ለዚህ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ውሃ ይዘው ዳር ቆመዋል፣ ደግፈው ገለል ያደርጓቸዋል። አንተ አትሩጥ፣ ስልክህንም አታውጣ።

ምን እላለሁ ላልከው «ሙኮሜሬ» በላቸው። አይዟችሁ፣ በርቱ እንደማለት ነው። ከዚያ ዝም።

መንገደኛው
ሰብልዬ አመሰግናለሁ። ልብሱስ? ጥቁር ልልበስ?

ሰብለ_ኪጋሊ
እንደፈለግህ፣ ደማቅ ቀለም ብቻ አታብዛ። ድሮ የሐዘኑ ቀለም ሐምራዊ ነበር፣ አሁን ግራጫ ነው። ትንሽ ግራጫ ሪባን ደረታቸው ላይ የሚያደርጉ ታያለህ። እንግዳ ያድርግ የሚል ሕግ የለም።

ሙግት_ወዳጅ
ሰብለ ደህና አድርገሽ ጽፈሻል። ግን ግማሹን ነው የነገርሽው። ክዊቡካ የሐዘን ቀን ብቻ ነው ብለን አንሞኝ፣ የመንግሥት ፕሮግራምም ነው። በጁላይ 1994 ኪጋሊን የያዘው ድርጅት፣ የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር፣ ዛሬም ሥልጣን ላይ ነው። ምን እንደሚታወስ፣ በምን ስም እንደሚጠራ፣ የትኛው ንግግር «የዘር ማጥፋት ርዕዮተ ዓለም» ተብሎ እንደሚያሳስር የሚወስነው እሱ ነው። በ2008 ሕግ ወጣ፣ በጣም ሰፊና ግልጽ ያልሆነ ነው ተብሎ ተተችቶ በኋላ ተሻሽሏል። የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ወታደሮች በዚያው ዓመትና ከዚያ በኋላ የገደሏቸው ሁቱ ሲቪሎችስ? የተባበሩት መንግሥታት ሰዎች ራሳቸው የመዘገቡት ነገር ነው። ቤተሰቦቻቸው በየትኛው ድንኳን ነው የሚያለቅሱት?

ኪዚቶ ሚሂጎን ታስታውሳላችሁ? ራሱ ከጭፍጨፋው የተረፈ ቱትሲ ነው፣ መዝሙረኛ። በመታሰቢያ ሥነ ሥርዓቶች ላይ ይዘምር ነበር። በ2014 ሌሎቹንም ሟቾች የሚያነሳ መዝሙር አወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ታሰረ። በ2020 ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን አጠፋ አለ፣ የመብት ድርጅቶች ገለልተኛ ምርመራ ጠየቁ። ይሄንን ሳትነግሩት ልጁን «ሙኮሜሬ በል» ብላችሁ አትላኩት።

ሰብለ_ኪጋሊ
ስለ መጨረሻው እኔ አልጽፍም። ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ስለ ቀረው ግን አንድ ነገር ልበል። አንተ የምትለውን የሚሉ ሰዎች መሀል፣ አንተን አላልኩም፣ «ሁለቱም ተገዳደሉ» ብለው ነገሩን ለማለስለስ የሚፈልጉ ሞልተዋል። በመቶ ቀን ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ሲቆጥረው 800,000 ገደማ፣ የሩዋንዳ መንግሥት ሲቆጥረው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ነው ያለቀው። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር ሳይባል፣ ስም ዝርዝር ተይዞ፣ ሬዲዮ አድራሻ እየጠራ። ሁቱም ሞቷል፣ የሞተው ግን ብዙው አልገድልም ስላለ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሯ አጋት ኡዊሊንጊዪማና ሁቱ ነበረች፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የገደሏት። ሳምንቱ የሚዘጋው ሬቤሮ በሚባለው መታሰቢያ ላይ ጭፍጨፋውን ተቃውመው የተገደሉ ፖለቲከኞችን በማሰብ ነው። እና ሁቱ ሆኖ የሚታሰብ የለም ማለት ትክክል አይደለም። በቀል ላይ የሞቱት አይነሱም ካልክ ግን እሺ፣ አይነሱም።

ሙግት_ወዳጅ
«ሁለቱም ተገዳደሉ» የሚለውን እኔም አልቀበልም። ጭፍጨፋው ጭፍጨፋ ነው። እኔ የጠየቅኩት ስለ ለቅሶ ነው።

የጥንት_ወታደር
ልጆች እዚህ ብዙ አልጽፍም፣ አነባለሁ እንጂ። ይሄን ሳይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ከኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ሩዋንዳ ከዘመቱት አንዱ ነኝ። ብዙ ሰው የኢትዮጵያ ጦር ከኮሪያና ከኮንጎ ቀጥሎ ላይቤሪያ የሄደ ነው የሚመስለው። ሩዋንዳ ላይ በ1986 ነሐሴ ነበርን። ፈረንሳዮቹ ከደቡብ ምዕራቡ ክፍል ሲወጡ ቦታውን የተረከብነው እኛ ነን። ቻንጉጉ ይባላል፣ ኪቩ ሐይቅ ጫፍ ላይ፣ ወንዙን ስትሻገር ዛየር ነው፣ ቡካቩ። አገሩ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ሻይ ተክሉ ተራራውን እንደ ምንጣፍ ለብሶታል። ሰው ግን የለም። ሰው ያለው መንገድ ላይ ነው፣ ፍራሽና ጀሪካን ተሸክሞ ወደ ድልድዩ የሚጎርፍ። ከዚያ መሀል ማን ገዳይ፣ ማን ተሳዳጅ፣ ማን ዝም ብሎ ፈርቶ የሚሮጥ እንደሆነ በምን ትለየዋለህ? እኛም ከራሳችን ጦርነት ገና መውጣታችን ነበር፣ ሬሳ አዲስ ነገር አልነበረም። እዚያ ያየሁት ግን የጦርነት ሬሳ አልነበረም። ሌላውን አልጽፈውም።

የሚቆጨኝ የእኛ መድረስ አይደለም፣ የደረስንበት ጊዜ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ኤፕሪል ላይ፣ እልቂቱ እሳት ሆኖ ሳለ፣ ጦሩን ወደ 270 ሰው ቀነሰ። ጨምሩ ሲባል ቀነሰ። የሰላም አስከባሪው አዛዥ ጄኔራል ዳሌር ገና ጃንዋሪ ላይ የተደበቀ መሣሪያ አለ፣ ልያዝ ብሎ ኒው ዮርክን ጠይቆ ተከልክሏል። ተጨማሪ ጦር ተብለን እኛ ስንመጣ አልቋል።

መንገደኛው
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ይሄንን በትምህርት ቤት ማንም አልነገረንም። ኖረው ስለነገሩን አመሰግናለሁ።

የጥንት_ወታደር
ኪጋሊ ኪቹኪሮ የሚባል ሰፈር ካለፍክ፣ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። የቤልጂግ ሰላም አስከባሪዎች ሰፍረውበት ከ2,000 በላይ ሰው ተጠግቷቸው ነበር። ኤፕሪል 11 ጥለዋቸው ወጡ። ገዳዮቹ ሚሊሻዎች፣ ኢንተራሃምዌዎቹ፣ በር ላይ እየጠበቁ ነበር። ሰዎቹን ኛንዛ የሚባል ኮረብታ ድረስ እየነዱ ወስደው ፈጇቸው። በየዓመቱ በ11 እዚያ ይታሰባሉ። ሰማያዊ ቆብ አድርጎ ያውቃል የሚባል ሰው ሁሉ ሊያየው የሚገባ ቦታ ነው።

ቡታሬ
ሰላም። እኔ ሩዋንዳዊ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን አዲስ አበባ ተምሬ ነው አማርኛ የለመድኩት፣ ስህተት ካለ ታገሡኝ። ጓደኛዬ ይሄን ገጽ ላከችልኝ።

በ94 አራት ዓመቴ ነበር። አባት እናቴን አላስታውሳቸውም ማለት ይቻላል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የወላጅ አልባ ተማሪዎች ማኅበር ነበር፣ አኤርጌ ይባላል፣ በ1996 ቡታሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ያቋቋሙት። ቤተሰብ ይመሠርታሉ። በጨዋታ አይደለም። ተማሪዎች ተሰብስበው ከመሀላቸው አባትና እናት ይመርጣሉ፣ የቀሩት ልጆች ይሆናሉ። የእኔ «አባት» በሁለት ዓመት ብቻ ይበልጠኝ ነበር። ጫማ ሲያልቅብኝ ለእሱ ነው የምነግረው። ውጤቴ ሲወድቅ የሚቆጣኝ እሱ ነው። ሳገባ ሽማግሌ የላከልኝ እሱ ነው፣ እስካሁንም አባቴ ነው። ልጆቼ አያት ይሉታል፣ ሰውየው ገና ጸጉሩ አልሸበተም።

መንግሥት «መታደስ» ይላል፣ በየዓመቱ መፈክሩ ላይ አለ፤ ማስታወስ፣ አንድነት፣ መታደስ። ሰው ሲሰማው አዲስ ፎቅና ንጹሕ መንገድ ይመስለዋል። እኔ ሳስበው የሚመጣልኝ ያ የተማሪ አባት ነው። ማንም አላዘዘንም፣ ብቸኝነት ነው ያዘዘን።

እህቴ ደግሞ ሌላ ናት። በዚያ ሳምንት ከቤት አትወጣም። ድንኳኑ ውስጥም ጊሶዚም አትሄድም። ቴሌቪዥኑን ታጠፋዋለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። ጎረቤት ለምን አልመጣሽም ብሎ ያስቸግራታል። እኔ ተዉአት እላለሁ። እና መንገደኛው፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት አይደለንም። ሥልጠናው ላይ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ማውራት ይፈልግ ይሆናል፣ ወይም ስለ አየሩ ብቻ ማውራት። እሱ ይጀምረው።

ሕግና_ፍርድ
ቡታሬ፣ ወንድሜ፣ አማርኛህ ከብዙዎቻችን ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነገር ልጨምር፣ ስለ ጋቻቻ፣ ስለ መንደር ችሎቶቹ፣ አንብቤ ጥናት ጽፌ ነበር። ከጭፍጨፋው በኋላ እስር ቤቱ ከመቶ ሺህ በላይ ተጠርጣሪ ይዞ ሞልቶ ነበር፣ ዳኞችና ጠበቆች ግን አልቀዋል ወይም ተሰደዋል። በመደበኛ ፍርድ ቤት ይዳኙ ቢባል ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጃል ተባለ። እና በየመንደሩ ሣር ላይ የሚቀመጥ ችሎት አቋቋሙ። ዳኛው ሰፈሩ የመረጠው ሰው ነው። 12,000 ገደማ ችሎት፣ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፋይል። በፈረንጅ በ2002 ጀምሮ በ2012 ተዘጋ። ዋና ዋናዎቹን የያዘው አሩሻ የነበረው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እስከ 2015 ድረስ የከሰሰው ከመቶ ያነሰ ሰው ነው፣ አወዳድሩት።

ችግሩ ብዙ ነው፤ ጠበቃ የለም፣ ቂም በቀል የገባበት ክስ አለ፣ ምስክር የሚያስፈራሩ አሉ። ሙግት_ወዳጅ ልትል የምትፈልገውንም አውቃለሁ፣ የግንባሩ ወታደሮች ጉዳይ ጋቻቻ ፊት አይቀርብም ነበር። ግን በውስጡ አንድ ውል ነበር፣ እሱ ነው የሚገርመኝ። ገዳዩ ካመነ ቅጣቱ ይቀንሳል፣ ግማሹም በሕዝብ ሥራ ይለወጥለታል። ለማመን ደግሞ «ገደልኩ» ማለት ብቻ አይበቃም፣ ሬሳውን የት እንደጣለ መናገር አለበት። ቤተሰብ ቅጣቱ ስላነሰ ተናደደ፣ ግን አጽሙን አግኝቶ ቀበረ። ይሄ ልውውጥ ፍትሕ ነው አይደለም ብዬ ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቄበታለሁ። አሁን ወደ «ነው» እያዘነበልኩ ነው፣ ምክንያቱም ዝም ያሉት ሰዎች ያደረጉትን አይተናል።

በ2018 ኪጋሊ አጠገብ ካቡጋ አካባቢ ትልልቅ የጅምላ መቃብሮች ተገኙ። ከ24 ዓመት በኋላ! ሰው ላዩ ላይ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ሁዬ ውስጥ ከአንድ ቤት ሥር ከመቶ በላይ ሰዎች አጽም ወጣ። ጎረቤቱ በየዓመቱ ኤፕሪል ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ምስክርነት ሲሰማ ኖሯል፣ ቦታውን ግን አልተናገረም።

ቡታሬ
ሁዬ ማለት ቡታሬ ነው። የእኔ ከተማ ነው። የእኔዎቹ ገና አልተገኙም።

ሕግና_ፍርድ
ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር። ሙኮሜሬ።

ዓይናለም
አንብቤ አንብቤ አለቀስኩ። እኛ አገርስ እንዲህ ዓይነት ቀን መቼ ነው የሚኖረን? የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ተጽፎልን ያደግን ሰዎች ነን። ፋይዳው ላይ ቢቀርም ጭንቅላታችን ላይ አልቀረም። እነሱ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ፣ እኛ በየፌስቡኩ ሬሳ እንቆጥራለን፣ የእኔ ይበልጣል የአንተ ያንሳል እያልን።

አስተባባሪ
ከዚህ በታች የነበሩ አራት ኮሜንቶችን አንስቻለሁ። ብሔር ጠርቶ መሳደብ እዚህ አይሠራም። ርዕሱ ሩዋንዳ ነው፣ ካልቻላችሁ ክሩን እዘጋዋለሁ።

ሙግት_ወዳጅ
ዓይናለም፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፣ ግን ሩዋንዳን ስናይ የምንዘለው ነገር አለ። ክዊቡካን የሠራው የጦርነት አሸናፊ ነው። ግንባሩ ኪጋሊን ያዘ፣ ጭፍጨፋውን አስቆመ፣ ከዚያ ቀኑንም ስሙንም ቀለሙንም ወሰነ። ለዚህ ነው ሁሉም ነገር በሥርዓት የሚሄደው፣ ለዚህም ነው የማይነሳ ነገር ያለው። ሁለቱ አንድ እጅ የሠራቸው ናቸው። አሸናፊው ያልለየለት አገር ይሄን እንዳለ ልገልብጥ ቢል አይሆንለትም።

እኛ የፍርድ ቤቱን ሞክረነዋል። ቀይ ሽብርን ፍርድ ቤታችን «ዘር ማጥፋት» ብሎ ነው የፈረደበት፣ ምክንያቱም የ1949ኙ (በእኛ አቆጣጠር) ወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የፖለቲካ ቡድንንም ይጨምራል። በእኛው በ1999 መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌለበት ጥፋተኛ ተባለ። መስቀል አደባባይ ዳር ሙዚየም አለ። አገር ቆሞ የሚያስብበት ቀን ግን ካላንደሩ ላይ የለም። ስንቶቻችን ገብተን አይተነዋል?

ሰላም_ከቦሌ
እኔ ሙዚየሙን አይቻለሁ፣ ለታክሲ ስጠብቅ ዝናብ መጥቶ ነው የገባሁት እንጂ አስቤ አይደለም። በነገራችን ላይ ክዊቡካ በየዓመቱ እዚህ አዲስ አበባም አፍሪካ ኅብረት ውስጥ ይታሰባል። ያ ሕንፃ የቆመው የድሮው ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ የነበረበት መሬት ላይ ነው። በዚያው ግቢ ለሩዋንዳ፣ ለዓለም በቃኝ እስረኞች፣ ለባሪያ ንግድና ለአፓርታይድ ሰለባዎች አንድ የጋራ መታሰቢያ እንዲኖር ታስቦ ነበር። በየቀኑ በዚያ አጠገብ በሚኒባስ እናልፋለን፣ ዓለም በቃኝ እዚያ እንደነበረ ለልጆቻችን አንነግርም።

ቡታሬ
ሙግት_ወዳጅ፣ የቅድሙን ጥያቄህን ሳልመልስልህ ልሂድ አልፈልግም። ሰፈራችን ውስጥ አባቷን ከጦርነቱ በኋላ ወታደሮች ወስደውባት ያልተመለሰ ልጅ አለች። እኩያዬ ናት። አባቷ ገዳይ ይሁን አይሁን እሷም አታውቅም። በኤፕሪል ድንኳኑ ውስጥ ትመጣለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ውሃ ታቀርባለች፣ አትናገርም። እኔ ስለ አባቴ ስናገር ታለቅሳለች። ለማን እንደምታለቅስ ጠይቄያት አላውቅም። መንግሥት ከልክሎኝ አይደለም ያልጠየቅኳት፣ ፈርቼ ነው። አሁን ደግሞ ሃያና ሠላሳ ዓመት የተፈረደባቸው ጨርሰው እየወጡ ነው፣ ወደየሰፈራቸው ይመለሳሉ። ከእኔ ቤት ሁለት ቤት አልፎ አንዱ ተመልሷል። ሰላምታ እንሰጣጣለን። ይቅር አልኩት? ጠይቆኝ አያውቅም። ጠዋት ላሙን ሲነዳ ያየኛል፣ «ምዋራሙትሴ»፣ እንዴት አደርክ፣ ይላል፣ እመልሳለሁ። ከዚህ በላይ ዛሬ የለኝም።

ሙግት_ወዳጅ
እሺ ወንድሜ። ተቀብያለሁ።

መንገደኛው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰው የተጨፈጨፈበትን የኛማታ ቤተ ክርስቲያን ማየት እፈልጋለሁ፣ ከሥልጠናው በኋላ ሁለት ቀን አለኝ። ይቻላል?

ሰብለ_ኪጋሊ
ይቻላል። ከኪጋሊ ወደ ደቡብ ቡጌሴራ መንገድ ነው፣ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። በራሱ ሳምንት ባትሄድ ጥሩ ነው፣ ቤተሰቦች ይበዛሉ። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ የሟቾቹ ልብስ ተከምሯል፣ ጣሪያው በፍንጣሪ ተበሳስቷል። ውስጥ ፎቶ አይነሳም። አስጎብኚው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሰው ነው፣ «አንተስ የት ነበርክ» ብለህ አትጠይቀው። በ2023 ከሙራምቢ፣ ከቢሴሴሮና ከጊሶዚ መታሰቢያዎች ጋር ዩኔስኮ መዝግቦታል።

የማርታ_እናት
ሰብለ፣ ባለቤቴ እዚያ ስለሚሠራ በክረምቱ ልጆቹን ይዤ ልመጣ ነው። ዘጠኝና ስድስት ዓመታቸው ነው። ጊሶዚ ልውሰዳቸው?

ሰብለ_ኪጋሊ
እህቴ፣ ላይኛው ክፍል አታስገቢያቸው። የሕፃናት ክፍል አለ፣ ትልልቅ ፎቶዎች ናቸው። ከሥራቸው የልጁ ስም፣ ዕድሜው፣ የሚወደው ምግብና እንዴት እንደተገደለ ተጽፏል። የእኔ ልጆች 12 እስኪሞላቸው አላስገባኋቸውም፣ አስገብቼም ትልቋ ለአንድ ሳምንት ከእኔ ጋር ነው የተኛችው። የአትክልት ቦታው ግን ሰፊ ነው፣ እዚያ ልታንሸራሽሪያቸው ትችያለሽ። መግቢያው በነፃ ነው። የእናንተ ክረምት እዚህ ደረቅ ወቅት ስለሆነ ዝናቡ አያሳስብሽ።